ቀለሙን ከመግፈፌ በፊት፦ ያረጁ የቤንዚን ፓምፖችንና ታፔላዎችን እንዴት እንደማድስ

ያረጀ የቤንዚን ፓምፕ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምፈልገው የፋብሪካ ሰሌዳውን ነው። ሞዴሉና መለያ ቁጥሩ የተቀረጸባት ትንሽ ብረት ናት። የሠራው ኩባንያ ማን ነው፦ ዌይን ነው? ቶክሃይም? ጊልባርኮ? ቤኔት? ይህ ሳይታወቅ ካቻቢቴ አላነሳም። የጎደለ እጀታም ሆነ የተሰበረ መስታወት ፍለጋ ስገባ የምይዘው ይህንኑ ቁጥር ነው፤ ያለ እሱ የሌላ ፓምፕ ዕቃ ገዝቶ መቅረት አለ።

ታሪኩን ማወቅም ይጠቅማል፤ ምን እንደያዛችሁ ይነግራችኋል። የሁሉም አያት ሲልቫነስ ባውዘር በአሜሪካ ኢንዲያና፣ ፎርት ዌይን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1885 የሠራው ፓምፕ ነው። ያኔ የሚቀዳው ነጭ ጋዝ ነበር፤ ለመኪና ቤንዚን የሚሆነው በ1905 ተከተለ። በ1920ዎቹ ደግሞ አናታቸው ላይ ትልቅ የመስታወት በርሜል የተሸከሙት ረጃጅሞቹ መጡ። ሻጩ እጀታውን እየነቀነቀ ቤንዚኑን ወደ ላይ ይሞላል፣ ደንበኛው ስንት ጋሎን እንደሆነ በዓይኑ ያያል፣ ከዚያ በራሱ ክብደት በጎማው ቱቦ ወደ መኪናው ይወርዳል። ልኬቱ በግልጽ ስለሚታይ ማንም አይጨቃጨቅም። በጣም ነው የምወዳቸው! ግን ለጀማሪ አልመክርም። ቁመታቸው ወደ 3 ሜትር ይጠጋል፣ መስታወቱም አንዴ ከተሰበረ ምትኩ አሳር ነው። ከ1930ዎቹ በኋላ የመጡት፣ ሂሳቡን በጥርስ መዘውር ራሳቸው አስልተው በቁጥር የሚያሳዩት ፓምፖች ይቀላሉ፤ እኔም የጀመርኩት በእነሱ ነው።

ስፈታ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አነሳለሁ፣ ብሎኖቹን ከየትኛው ክፍል እንደወጡ ጽፌ በየላስቲኩ አስራለሁ። አሰልቺ ነው፣ ግን ከወራት በኋላ መልሶ ሲገጠም የሚያድነው ይህ ነው። ቁጥሮቹን የሚያዞረውን ክፍል በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ አጸዳለሁ፤ የቁጥሮቹን ፊት ግን ቲነር አላስነካም፣ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል።

ሁለት አደጋዎችን በደንብ ልናገር። አንደኛው፣ ለዓመታት ደርቆ የተቀመጠ የሚመስል ፓምፕ ውስጥ የቤንዚን ትነት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ አየር ሳያገኝ ብየዳም ሆነ እሳት አጠገቡ አይደርስም። ሁለተኛው እርሳስ ነው። ከ1923 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር፣ የድሮ ቀለም ውስጥም አለ። ስለዚህ በደረቁ አልፍቅም። በብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካሁ ነው የምሠራው፣ ከጓንትና ከትክክለኛ የመተንፈሻ ጭንብል ጋር፣ ዝቃጩንም ሰብስቤ እጥላለሁ እንጂ ሜዳ ላይ አልደፋም።

ይህ እርጥብ አፋፋቅ ሌላ ጥቅምም አለው፣ እኔ ከሥራው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። በሩ ላይ የማይታይ ጥግ እመርጥና በደቃቁ ወረቀት ቀስ እያልኩ ክብ እየሠራሁ እፍቃለሁ። ላዩ ነጭ፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከሱ ሥር ሌላ ነጭ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ መጨረሻ ላይ ግራጫው መሠረት፣ ከዚያ ራቁቱን ላሜራ። ማደያው ኩባንያ በቀየረ ቁጥር ፓምፑ ልብስ ቀይሯል ማለት ነው። ብዙ ሰው አንድ ታዋቂ ኩባንያ መርጦ ዝም ብሎ በሱ ቀለም ይቀባል፤ እኔ ደስ አይለኝም። ፓምፑ ራሱ ለብሶት የማያውቀውን አርማ አልሰጠውም።

ለዝገት፣ ትንንሾቹን የብረት ዕቃዎች በኤሌክትሪክ ነው የማስለቅቀው። በፕላስቲክ በርሜል ውሃ ውስጥ ሶዲየም ካርቦኔት እበጠብጣለሁ፣ የዛገውን ዕቃ ከባትሪ ቻርጀሩ ኔጋቲቭ፣ ተራ ቁራጭ ብረት ከፖዘቲቩ ጋር አገናኛለሁ። በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት መጠቀም ክልክል ነው፣ መርዛማ ክሮሚየም ያወጣል። አሉሚኒየምም አይገባም፣ ፈሳሹ ይበላዋል። የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ስላለበት ደጅ ላይ ነው የሚሠራው። በሮቹንና የጎን ላሜራዎቹን ግን በኃይለኛ የአሸዋ ግፊት አላስጸዳም፤ ስስ ላሜራ ይጣመማል፣ ከዚያ በስቱኮ መሙላት ነው ዕጣው።

ታፔላ ላይ ስመጣ ግን አቋሜ ይለወጣል። ፓምፕ ይቀባል፣ ድሮም ሲቀባ የኖረ ዕቃ ነው። የኢናሜል ታፔላ አይቀባም። ኢናሜል የተፈጨ መስታወት ብረት ላይ ተደርጎ ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት የተጋገረ ነው፤ የሚቀጥለው ቀለም ተጨምሮ እንደገና ወደ ምድጃ ይገባል። የተሸረፈው ቦታ ላይ ቀለም ብትቀቡበት መቼም አንድ አይሆንም፣ ዋጋውም ይወርዳል። እኔ በለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥቤ፣ ሰም ቀብቼ እተወዋለሁ። በቀጥታ ላሜራ ላይ የታተሙት ታፔላዎች ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ፤ እነሱን አሲድ አላስጠጋም፣ ከዝገቱ ጋር ጽሑፉ ይሄዳል።

አስመስለው የተሠሩ ብዙ ስላሉ ከመግዛቴ በፊት በጣቴ ነው የማነበው። ዓይኔን ጨፍኜ የፊደሉን ጠርዝ ስዳስስ፣ በድሮው ላይ ቀለሙ ከቀለም በላይ ተደርቦ ትንሽ ደረጃ ይሰማኛል። ከዚያ የመስቀያ ቀዳዳዎቹን አያለሁ። ለዓመታት የተሰቀለ ታፔላ ቀዳዳው ዙሪያ የብሎኑ ጭንቅላት የተጫነበት ክብ ምልክት ይኖረዋል፣ ሽርፋቱም ጥቁር ወደሆነ ቡናማ ሄዷል። ዝገቱ ብርቱካናማ ሆኖ ጣቴ ላይ እንደ ዱቄት ከቀረ፣ ሽርፋቱም ከቀዳዳው ርቆ በየቦታው እኩል ከተበተነ፣ እጠረጥራለሁ። ሻጩ የፈለገውን ታሪክ ያውራ።

ፓምፑ ካለቀ በኋላ ቤንዚን አልሞላበትም። በጨርቅ የተጠቀለሉትን የድሮ ሽቦዎች አውጥቼ አዲስ እዘረጋለሁ፣ አናቱ ላይ ላለው የመስታወት ሉልም ኤልኢዲ አምፖል አደርጋለሁ፣ የድሮው አምፖል ሙቀቱ መስታወቱን ሊያስነጥቀው ይችላል። ታፔላ ስሰቅል ደግሞ ከፊትም ከኋላም የጎማ ዋሸር አደርግና ብሎኑን በእጅ ብቻ አጠብቃለሁ። በመፍቻ ከተጨመቀ ኢናሜሉ ቀዳዳው ዙሪያ ይሸረፋል፣ ያንን የሚመልስ ነገር የለም።