ዳፕ የቀመሰው ዜሮ መደብ

ሰብል ማዳበሪያን ምን ያህል እንደተጠቀመበት በማሳ ሙከራ ልትለኩ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ጆንያውን አንብቡ። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ሌላው ሥራ ቀላል ነው። ስንዴው ተዘራ፤ የዳር መስመሮቹን ትቼ መሃሉን አጨድኩ፤ ፍሬና ገለባውን ለየብቻ መዘንኩ፤ ናሙናውን አድርቄ ላብራቶሪ ላክሁ።

ያቃጠለኝ ዜሮው መደብ ነው፤ ናይትሮጅን የማይጨመርበት፣ ስሌቱ ሁሉ የሚቆምበት። ዜሮ ማለት ባዶ ማለት አይደለም። ፎስፈረሱን እንደሌሎቹ መደቦች ማግኘት አለበት፤ አለዚያ ልዩነቱ ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም። ለዚህ ነው ናይትሮጅን የሌለበትን የፎስፈረስ ማዳበሪያ፣ ቲኤስፒን፣ በደብዳቤ የጠየቅሁት። ግዥ ክፍሉ ሌላ ማዳበሪያ፣ ዳፕ፣ ላከ። ስደርስ ሠራተኞቹ በትነው ጨርሰዋል። ጆንያው ላይ በትልቁ 18-46-0 ይላል። ከመቶው 18ቱ እኮ ናይትሮጅን ነው! ኃላፊው «ያው ፎስፈረስ አይደል እንዴ የፈለግከው?» አለኝ። ያው አይደለም ጌታዬ። በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ ከተበተነ ዜሮው 18 ኪሎ ናይትሮጅን በላ ማለት ነው።

ጉዳቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። 100 ኪሎ ናይትሮጅን ያገኘው መደብ 4,000 ኪሎ፣ እውነተኛው ዜሮ 2,000 ኪሎ ቢሰጥ፣ አንድ ኪሎ ናይትሮጅን 20 ኪሎ ፍሬ ጨመረ ይባላል። ዳፕ የቀመሰው ዜሮ 2,500 ከሰጠ ግን 15 ይሆናል። «ከ100 ላይ 18ቱን ቀንስና ልዩነቱን ለ82 አካፍለው» ያለኝ አለ። 18 ገደማ ይወጣል፤ አሁንም ያንሳል። ብዙ ምርት የሚጨምሩት የመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ዜሮው ወስዷቸዋል።

ማሳው ላይም ያስታውቅ ነበር። የታችኛው ቅጠል በናይትሮጅን እጦት ቢጫ መሆን ሲገባው አረንጓዴ ነው። ጎብኚዎቹ «መሬታችሁ ለም ነው» እያሉ ያደንቃሉ። በሪፖርቴ «ዜሮ» የሚለውን ሰርዤ «18» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው ዜሮው የት ሄደ ብሎ ጠየቀኝ።

የተሰጠኝ መመሪያ ማሳው ዳር ላይ አንድ ዜሮ ይበቃል ይላል። አትስሙት። በየድግግሞሹ፣ መደቦቹ ሁሉ እንደገና በሚደገሙበት በእያንዳንዱ ክፍል፣ አንድ ይኑር፤ ቦታውም እንደሌሎቹ በዕጣ ይውጣ። «ዜሮ ምን ያደርጋል? ምርቱን ለማዳበሪያው አካፍለው» የሚሉም አሉ። በምሳሌያችን 40 ይወጣል፤ አለቆች ይወዱታል። ግን መሬቱ ራሱ የሰጠውን 2,000 ኪሎ ለማዳበሪያው መሸለም ነው። ደግሞ ዜሮውን በየዓመቱ እዚያው አታድርጉት። መሬቱ እየደኸየ ሲሄድ፣ የማዳበሪያው ብቃት ያለ ሥራው ከፍ ብሎ ይታያል።