ከደንገጎ እስከ ፈረስ መጋላ

የሐረርን የጦርነት መታሰቢያዎች ማየት የፈለገ ሰው ከድሬዳዋ ቢነሳ ይሻለዋል። ድሬ የሚያድር ግን ከዋጋው በፊት መስኮቱ መከፈቱን ይፈትሽ፤ እኔ ያደርኩበት ክፍል መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ስለቆመ ሌሊቱን በላብ ተጠምቄ ነው ያነጋሁት።

ማለዳ በባጃጅ ወደ ኮመንዌልዝ፣ ማለትም የእንግሊዝና የግዛቶቿ ወታደሮች፣ የጦር መካነ መቃብር ሄድኩ። ሾፌሩ የአገሬው ሰው የሚከፍለውን ሦስት እጥፍ ጠየቀኝ። አብራን የተሳፈረች እናት «አቦ ተው፣ እንግዳ ነው!» ብላ ስትቆጣው ወዲያው ዋጋውን ቀነሰ። አዲስ አበባ ቢሆን ማንም ቀና ብሎ አያይም ነበር።

መቃብሩ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1933 ዓ.ም. ከሶማሊያ በኩል የገሠገሠው የእንግሊዝ ጦር ጅጅጋን አልፎ ማርዳ በተባለው የተራራ ማለፊያ ላይ የጣሊያንን ምሽግ ሰበረ፤ በዚሁ ጦር ውስጥ የነበሩት ናይጄሪያውያን መጋቢት 17 ሐረር ገቡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ደቡብ አፍሪካውያኑ ድሬዳዋን ያዙ። እንዲህ ያሉ መቃብሮችን የሚያስተዳድረው ኮሚሽን በ1917 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ጀምሮ የያዘው መመሪያ አለ፦ መኮንኑም ተራ ወታደሩም እኩል ድንጋይ ያገኛሉ። መደበኛው የቆመ ድንጋይ ቁመቱ 81፣ ወርዱ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አፈሩ ወይም አየሩ በማይመችበት አገር ከመሬት ብዙም ከፍ የማይል ድንጋይ ይተካዋል። ሲነበብ ከላይ ወደ ታች ነው፤ መጀመሪያ የክፍሉ ዓርማ፣ ቀጥሎ ቁጥሩ፣ ማዕርጉ፣ ስሙና የሞተበት ቀን፣ ከግርጌ ደግሞ ቤተሰብ ካስጻፈ የቤተሰቡ ቃል። በዚያው ጦርነት የወደቁ አርበኞቻችን እንዲህ አንድ በአንድ በስማቸው የሚነበቡበት ቦታ ስንት አለን? ይህን እያሰብኩ ነው ከዚያ የወጣሁት።

ወደ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ዳገት ጨርሶ ደንገጎ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በስተቀኝ ወደ ቁልቢና ጨለንቆ፣ በስተግራ ወደ ሐረር። ሐረማያንና አወዳይን አልፈን ገባን።

ጨለንቆን የማያውቅ የሐረርን ሐውልት አይረዳውም። ግብፆች በ1877 ዓ.ም. ከተማዋን ለቀው ሲወጡ ሥልጣን የያዙት አሚር አብዱላሂ፣ በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር ጨለንቆ ላይ ገጥመው ተሸነፉ። ብዙ ሰው አለቀ፤ ሐረር የራሷ አሚር ያላት አገር መሆኗ አበቃ፤ መኰንን፣ የኋላው ራስ መኰንን፣ ገዥ ሆነው ተሾሙባት።

በጀጎል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ፈረስ መጋላ በተባለው አደባባይ መሃል የቆመው ሐውልት የጨለንቆ ሰማዕታት መታሰቢያ ነው። ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ ደግሞ አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት፣ ራስ መኰንንን በፈረስ ላይ የሚያሳይ ሐውልት ነበር፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሁከት ፈረሰ። ድል ያደረገው ወገን ከግንቡ ውጭ በፈረስ፣ የተሸነፈው ከግንቡ ውስጥ በገበያው መሃል፤ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት በእግር ማየት ይቻል ነበር። ልጆች የከተማቸውን ታሪክ ከሁለቱም በኩል የሚጠይቁበት መንገድ ስለጎደለ አዝናለሁ።

ከሐረር በር ተነስቶ በአንደኛ መንገድ ቀጥ ብሎ የሄደ ፈረስ መጋላን አይስተውም። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ነው። ሐውልቱን በወጉ ለማየት ግን በማለዳ መምጣት ነው፤ ረፈድ ሲል ባጃጁ ይዞረዋል፣ ሻጩ ይከበዋል፣ ጫት የያዘው ይደገፈዋል። ስድስት ኪሎ ያለው የሰማዕታት ሐውልት ራቅ ብለው ቅርጻ ቅርጾቹን እየዞሩ የሚያነቡበት ቦታ አለው። እዚህ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ያለ ሰው ባጃጅ ይገጨዋል። ሸሽቼ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ጥግ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ በርጩማቸውን ገፋ አድርገው «ልጄ፣ ከዚህ ቁጭ ብለህ እየው» አሉኝ።

ከሁሉም የቆየው የጦርነት ሥራ ግን ግንቡ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ከተማዋን ከጥቃት ለመከላከል የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ከሐረር በር በቀር አምስቱ በሮች ጥንታውያን ናቸው። ግንበኞቹ ሐሺ የሚሉትን የአካባቢውን ድንጋይ በጭቃ አያይዘው ነው የደረደሩት። አንድ ቦታ ላይ በሲሚንቶ የተለጠፈ ጥገና አየሁ፤ ዳር ዳሩ ተሰንጥቆ ጠርዙ በጣት ሲነካ እየተፈረከሰ ይወድቃል። ጭቃው ዝናብ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶው ግን እርጥበቱን ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፣ ድንጋዩም ከጀርባ ይላላል። ለዚህ ግንብ የሚያስፈልገው ጭቃ፣ ሐሺና ሥራውን የሚያውቅ ግንበኛ ነው፤ ሦስቱም ሐረር ውስጥ አሉ።