ታናሽ ወንድሟን ከትምህርት ቤት እንድትወስድ ለማስፈቀድ ያየሁት ውጣ ውረድ

ታላላቆች ታናናሾቻቸውን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይውሰዱ ወይስ አይውሰዱ የሚለው ጉዳይ ቤተሰብ ተመካክሮ የሚጨርሰው ይመስላል። እኛ ግን ጅማ ላይ የገጠመን የወረቀት ጉዳይ ሆኖ ነው፤ ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ወላጅ ቢኖር ኖሮ ባለፈው ዓመት ከደረሰብን አብዛኛው ባልደረሰ ነበር።

ያለንበት ሁኔታ የብዙ ሠራተኛ ቤተሰብ ሁኔታ ነው። አንደኛ ክፍል የገባው ልጄ ከትምህርት ቤት የሚለቀቀው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ እኔ ከቢሮ የምወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ የቡና ግዥው እስኪያበቃ ድረስ አጋሮና አካባቢዋ ይውላል። ያኔ 13 ዓመቷ የነበረችው ትልቋ ልጄ 7ኛ ክፍል ነበረች። አንደኛ ደረጃ እስከ 8ኛ ክፍል በነበረበት ዘመን ቢሆን ሁለቱም ከአንድ ግቢ አብረው ይወጡ ነበር፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግን አንደኛ ደረጃ 6ኛ ክፍል ላይ ስለሚያበቃ፣ እሷ ወደ መካከለኛ ደረጃ ተዛውራ በፈረቃ ትማራለች። ጠዋት በምትማርበት ሳምንት ከምሳ በኋላ ነፃ ናት፤ ከሰዓት በምትማርበት ሳምንት ግን ጨርሶ አይመቻትም። ስለዚህ አንዱን ሳምንት እሷ፣ ሌላውን የኮንትራት ባጃጅ እንዲወስደው አሰብን።

ፈቃደኛ መሆኗን ጠየቅኳት፤ ተስማማች። መንገዱን አብሬያቸው ሄድኩ። እኛ የምንኖረው ቆጪ ስለሆነና ትምህርት ቤቱ ከአዌቱ ማዶ ስለሚገኝ፣ ወንዙን በድልድዩ ካልሆነ በቀር በሌላ በኩል እንዳይሻገሩ፣ በተለይ ዝናብ በዘነበ ቀን ወደ ዳር እንዳይጠጉ አስጠነቀቅኳቸው። ይህ ሁሉ ቀላል ነበር።

ከባዱ ፈቃዱ ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ተማሪ የሚረከብ ሰው 18 ዓመት የሞላውና የቀበሌ መታወቂያ የያዘ መሆን እንዳለበት ነገሩኝ። መመሪያው በጽሑፍ ይታየኝ ብዬ ብጠይቅ የሚያሳየኝ አላገኘሁም። ደጋግሜ ስለምናቸው ሐሳባቸውን ለወጥ አድርገው፣ እህትና ወንድም ለመሆናቸው የሁለቱንም የልደት ምስክር ወረቀት እንዳቀርብ ጠየቁኝ። የትንሹ ነበረን። ትልቋ ግን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ ከመጀመሩ በፊት የተወለደች በመሆኗ፣ በእጃችን የነበረው የክትባት ካርዷ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቢሮ እያስፈቀድኩ፣ ፎቶግራፍ እያስነሳሁ፣ ምስክር የሚሆኑ ጎረቤቶችን ከሥራቸው እያስቀረሁ ቀበሌ ተመላለስኩ። ወረቀቱን ይዤ ስመለስ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አንብበው፣ «ይህ እህቱ መሆኗን ያረጋግጣል፤ ዕድሜዋ ያልደረሰ መሆኑንም ያረጋግጣል» ብለው መለሱልኝ። ዕድሜዋን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። ያን ሁሉ ቀን ማን እንዳባከነብኝ ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፈቃዱ በእንጥልጥል ላይ እያለ ልጁን በየቀኑ የሚያመላልሰው የኮንትራት ባጃጁ ነበር። ታዲያ አንድ ከባድ ዝናብ የጣለበት ቀን ባለ ባጃጁ ደውሎ እንደተበላሸበት ነገረኝ። እኔ ተሰብሳቢ ስለነበርኩ ልጄን ዣንጥላ ይዛ እንድትሄድ፣ እስክመጣም በሩ ላይ ወንድሟን እንድትጠብቅ ላክኋት። ባለ ባጃጁ ለካ ለእኔ ሳይነግረኝ ጓደኛውን ልኮ ኖሯል። ልጄ ስትደርስ ጥበቃው አላስገባትም፤ ይህ ፈጽሞ የማናውቀው ሰው ግን የቀበሌ መታወቂያውን አሳይቶ ልጁን ተረከበ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ እህቱ ነኝ፤ ይህን ሰውዬ አናውቀውም» ብትል፣ «የኔ ልጅ፣ አንቺ መታወቂያ የለሽም፤ እሱ አለው» አሏት። ልጄ ምንም አማራጭ ስላጣች የባጃጁን ታርጋ እጇ ላይ ጽፋ፣ ወንድሟን አቅፋ አብራ ተሳፈረች። በሰላም ቤት ደረሱ፤ ሰውየውም ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ያ መታወቂያ ልጄን ከምን ያድነው ነበር?

በማግሥቱ ይህንኑ ጥያቄ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ አቀረብኩ። የሰጡኝ መልስ፣ «ጥበቃው አሠራሩን ተከትሏል» የሚል ነበር። እኔን ያስቆጣኝ የጥበቃው ድርጊት ሳይሆን ይህ መልስ ነው፤ ጥበቃውማ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ በሚወሰድበት ጊዜ ሁሉ የሕፃናቱ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ልጁ የሚያውቃት ማን እንደሆነች ሳይጠየቅ ካርድ ለያዘ ሰው መስጠት ግን ከልጁ ደኅንነት ይልቅ የትምህርት ቤቱን ከተጠያቂነት መዳን ማስቀደም ነው።

ጉዳዩን ያቃናልኝ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ነው። ለኅብረቱ ያመለከትኩት በጽሑፍ ነው፤ ከእናንተ መካከል የሚቸገር ካለም በቃል ጊዜውን እንዳያጠፋ እመክራለሁ። አሁን የልጁና ልጁን የሚወስዱት ሰዎች ፎቶግራፍ፣ ከወላጅ ስልክና ፊርማ ጋር፣ በአንድ ቅጽ ላይ ሆኖ በክፍል ኃላፊዋ መምህርት እጅ ይገኛል። ልጁን ለወሳጁ የምታስረክበውም እሷ ናት፤ በቅጹ ላይ የሌለ ሰው ከመጣ መታወቂያ ቢኖረውም እንኳ ሳይደወልልኝ ልጁ አይወጣም።

የኔ አቋም ከትምህርት ቤቶቹ የ18 ዓመት ደንብ ጋር አይስማማም። መንገዱን የሚያውቅ፣ በራሱ ፈቃድ የተስማማ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ አንድ ታናሹን በቀን ብርሃን ቢወስድ፣ ከማይታወቅ ዐዋቂ ይልቅ አምነዋለሁ። ሁለት ታናናሾችን አንድ ላይ ማስያዝ ግን አልደግፍም። ሐሙስ ሐሙስም የህርማታ ገበያ መንገዱን ስለሚያጨናንቀው፣ ልጄ ነፃ ብትሆንም በታወቀ ባጃጅ እንዲመጣ አደርጋለሁ።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ የትልቋ ነገር ነው። ያው አንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዲሠሩ እንዳይገደዱ ይጠብቃቸዋል፤ እሷም ሕፃን ናት። አንዲት ጎረቤቴ፣ «ሴት ልጅ አይደለች? ትልመደው እንጂ» ስትለኝ አልተቀበልኳትም። ወንድ ልጅ ባለበት ቤት ተራው የእሱም መሆን አለበት። ልጄ ፈተና ባለባት ሳምንት ወንድሟን አትወስድም፤ በዚያ ሳምንት እኔ የዓመት ፈቃዴን ከፋፍዬ እጠቀማለሁ፤ ለዚህ ብዬም ሌላ ዕረፍቴን ትቻለሁ።

ቅጹ በየዓመቱ መስከረም ላይ ይታደሳል። ዘንድሮ ያለ ችግር ታድሷል፤ ሆኖም የአስተዳደር ሰው በተለወጠ ቁጥር ነገሩ እንደገና ከመታወቂያ እንዳይጀምር፣ አሠራሩ በትምህርት ቤቱ ውስጠ ደንብ ላይ እንዲሰፍር ከሌሎች ወላጆች ጋር ፈርመን አስገብተናል፤ ምላሹን እየተጠባበቅን ነው።