«ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ»

በኛ ሥራ ከሚነገሩ ነገሮች ሁሉ የሚያንገበግበኝ አንድ ነው፤ «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» የሚባለው። ተናጋሪው ደረቱን ነፍቶ ይለዋል። ሰሚውም ሸክም የወረደለት ይመስለዋል። ጉምሩክ ላይ ግን ኃላፊነት በአፍ አይወሰድም። ወረቀቱ ላይ ያለው የማን ስም ነው? የማን ቲን ቁጥር ነው? የሚጠየቀው እሱ ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ግዥ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ የወፍጮ መስመር ከውጭ አስመጣን። ዕቃው በመልቲሞዳል፣ ማለትም እስከ ደረቅ ወደብ ድረስ በአንድ የማጓጓዣ ውል ነበር፤ ጅቡቲ ወርዶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገባ። በኢንቨስትመንት ማበረታቻ የተሰጠን የቀረጥ ነፃ ደብዳቤም በእጃችን ነበር። ማጽጃው፣ ሮለሩ፣ ወንፊቱ፣ ማሸጊያው ሁሉም በዝርዝሩ ላይ አንድ በአንድ ሰፍሯል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር።

ጣጣ ያመጣው ከረጢቱ ነው። ፕሮፎርማው ሲጠየቅ ሥራ አስኪያጃችን «ኮንቴይነሩ ቦታ ከተረፈው የዱቄት ከረጢት ጨምሩበት» ብለው ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ለከረጢት ብቻ ሌላ ማጓጓዣ ከመክፈል ያድናል። አቅራቢውም የዱቄታችን ስም የታተመበት ባለ 50 ኪሎ የፕላስቲክ ከረጢት በእስር በእስር አድርጎ ጫነው። ኢንቮይሱ (የዋጋ ሰነዱ) ላይ ግን ለብቻው አልጻፈውም። «የተሟላ የወፍጮ መስመር ከነአክሰሰሪው» ብሎ በአንድ ዋጋ ጠቀለለው። ከረጢቱ የሚገኘው የጭነቱ ዝርዝር፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው፤ ከታች፣ በትንንሽ ፊደል።

እንዳየሁት አቅራቢውን የከረጢቱን ዋጋ ለይቶ እንዲልክልኝ ጠየቅኩት። ላከ። ትራንዚተሩ፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳያችንን የሚያስፈጽመው አስተላላፊ፣ ኦሪጂናል ሰነዶቹንና ውክልናውን ሊወስድ ከአዲስ አበባ ሲመጣም ያንን ወረቀት ከላይ አድርጌ ጠበቅኩት።

«ከረጢቱን ለብቻው አውጣው። ቀረጡን እንከፍላለን» አልኩት።

«ለምን ትከፍላላችሁ? ኢንቮይሱ ከነአክሰሰሪው ይላል። በቃ፣ አክሰሰሪ ነው።»

«ከረጢት የወፍጮ አክሰሰሪ ነው?»

«ታዲያ ዱቄቱን በምን ልትይዙት ነው?»

መልስ ያገኘ መስሎት ወንበሩ ላይ ተደላደለ። እኔ ታሪፉን፣ ማለትም እያንዳንዱ ዕቃ ለቀረጥ የሚመደብበትን ቁጥር አስታወስኩት። የእህል ማጽጃና የወፍጮ ማሽን 84.37 ላይ ነው። የማሸጊያ ከረጢት ደግሞ 63.05፣ ከጨርቃ ጨርቁ ጋር። አብረው በአንድ ኮንቴይነር ስለመጡ አንድ ዕቃ አይሆኑም። ብዙ ማሽን ተገጣጥሞ አንድ ሥራ ሲሠራ በአንድ ታሪፍ ቁጥር ሊገባ እንደሚችል አውቃለሁ፤ የሮለሩና የወንፊቱ ጉዳይ እሱ ነው። ከረጢቱ ግን ምን ይፈጫል?

ትንሽ ዝም አለና ሌላ መንገድ ሞከረ። «እሺ፣ መለዋወጫ እንበለው። መለዋወጫ እስከ 15 በመቶ ይፈቀድላችሁ የለም እንዴ?»

ሰውየው ሕጉን ጠንቅቆ እንደሚያውቅ የገባኝ ያኔ ነው። የባሰ ያናደደኝም እሱ ነው። ያኔ ይሠራበት በነበረው የማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270/2005 አንድ ባለሀብት ከካፒታል ዕቃው ዋጋ እስከ 15 በመቶ የሚደርስ መለዋወጫ ከቀረጥ ነፃ ማስገባት ይችል ነበር። ቁጥሩ ልክ ነው። ግን መለዋወጫ ማለት ሮለሩ ሲያልቅ፣ ቤልቱ ሲበጠስ፣ ቤሪንጉ መጮህ ሲጀምር የሚተካው ነው። ከረጢት ዱቄት ተሞልቶበት ተሰፍቶ ገበያ ይወጣል፤ ተመልሶ አይመጣም። ይሄ ለትራንዚተር የሚነገር ነገር አይደለም። እሱ ቁጥሩን ጠርቶ እኔ የቁጥሩን ትርጉም እንደማላውቅ ተስፋ አድርጓል።

ይህንኑ ነገርኩት። ሰዓቱን አየ።

«እህቴ፣ አታካብጂው። ሁሉንም በ84.37 ጠቅልዬ አስገባዋለሁ። አንቺ ምንም አያገባሽም። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

«ጥሩ። ይቺኑ ቃል በጽሑፍ ስጠኝ።»

ሳቀ። «እንዲህ ከሆነማ መተማመን የለማ!»

የዚህን ሰው ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሕይወቱን በዚህ ሥራ ያሳለፈ ሰው ነው። ውክልና ምን እንደሆነ አያጣውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2199 ላይ እንደተጻፈው ተወካይ ማለት በሌላ ሰው ስም ሕጋዊ ሥራ የሚሠራ ነው። በተሰጠው ሥልጣን ውስጥ ሆኖ የሠራውም የወካዩ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 አስመጪው ዲክላራሲዮኑን (ለጉምሩክ የሚሰጠውን የዕቃ መግለጫ) ራሱ ማቅረብ ይችላል፤ ወይም ፈቃድ ባለው የጉምሩክ አስተላላፊ በኩል ያቀርባል። አስተላላፊው ጥፋት ከሠራ ከተጠያቂነት አያመልጥም፤ ፈቃዱም ሊነካ ይችላል። ግን የመርከብ ጭነት ሰነዱ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ ላይ ተቀባይ ተብለን የተጻፍነው እኛ ነን። የባንክ ፈቃዱ በኛ ስም ነው። የቀረጥ ነፃ ደብዳቤው የኛ ነው። ዕቃው ገብቶ የሚቀመጠውም እኛ ግቢ ነው። ጉምሩክ ቀረጡን ሲፈልግ ማንን ይፈልጋል?

ትራንዚተሩ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ለሥራ አስኪያጁ አንድ ገጽ ማስታወሻ ጻፍኩ። ከረጢቱ የቀረጥ ነፃ ዝርዝሩ ላይ እንደሌለ፣ ታሪፉ ሌላ እንደሆነ፣ ለብቻው ዲክሌር ተደርጎ ቀረጡ እንዲከፈል። አቅራቢው የላከውን የዋጋ ዝርዝር አያይዤ አስገባሁላቸው። ከሰዓት በኋላ ተመለሰልኝ። ኅዳጉ ላይ፣ በዚያ ወደ ቀኝ በሚያዘነብል ጽሕፈታቸው፣ «በትራንዚተሩ ሐሳብ መሠረት ይፈጸም» ብለው መርተውበታል። ሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ሥር ቀን።

ገብቼ አነጋገርኳቸው። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ኋላ ይመጣብናል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሰውየው ባለሙያ ነው። ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ብሏል እኮ» አሉኝ።

ቅጂውን ፋይሌ ውስጥ አስገባሁ። ሰነዱንም ትራንዚተሩን አስፈርሜ ሰጠሁት።

ዲክላራሲዮኑ ቢጫ መስመር ወጣለት። ሰነድ ታየ እንጂ ኮንቴይነሩ አልተከፈተም። ዕቃው ሞጆን ለቆ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ በደጀን በኩል ደብረ ማርቆስ ገባ። የኮንቴይነሩ በር ሲከፈት መጀመሪያ የታየው ከረጢቱ ነው። እስሮቹ በሩ ጋ ተደርድረዋል፤ የዱቄታችን ስም በቀይ ቀለም ፊት ለፊት ይነበባል። ሞጆ ላይ በሩ ቢከፈት ኖሮ ማንም ፈታሽ ውስጥ ድረስ መግባት አያስፈልገውም ነበር። ሥራ አስኪያጁ አጠገቤ ቆመው «አየሽ? አንቺ በከንቱ ትጨነቂያለሽ» አሉኝ። የሚያወርዱት ልጆች ሁሉ ይሰሙ ነበር።

ብዙ ሰው ዕቃው ከወጣ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ጉምሩክ ዕቃው ከወጣ በኋላም ሰነድ ያያል፤ የድኅረ ክሊራንስ ኦዲት የሚባለው ይሄ ነው። ኦዲተሮቹ ፋብሪካው ድረስ መጡ። ኢንቮይሱን ከፓኪንግ ሊስቱ፣ ፓኪንግ ሊስቱን ከመጋዘን ገቢ ደረሰኙ ጋር አመሳከሩ። መጋዘን ጠባቂያችን ደግሞ እግዜር ይስጠው ጠንቃቃ ሰው ነው፤ የገባውን ከረጢት ሁሉ ቆጥሮ መዝግቦታል። ብዙም አልፈጀባቸውም።

የክፍያ ማስታወቂያው ሲመጣ የተጻፈው ለፋብሪካው ነው። የትራንዚተሩ ስም የተከሳሽነት መልክ ይዞ የትም ቦታ የለም። ያልተከፈለው ቀረጥና ታክስ፣ በዚያ ላይ ወለድና መቀጫ። ከቀረጥ ነፃ የለመደ ሰው የነዚህን ታክሶች አደራረብ አያስበውም። ለምሳሌ በዚያን ጊዜ ስሌት ሲአይኤፍ ዋጋው (ከነማጓጓዣውና ከነመድኑ) 100,000 ብር የሆነ ዕቃ ቀረጡ 20 በመቶ ነው እንበል። ቀረጡ 20,000 ነው። ቫቱ 15 በመቶ ቢሆንም የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ 18,000 ይመጣል። ተጨማሪ ታክስ የሆነው ሱር ታክሱ 10 በመቶ ነው፤ እሱ ደግሞ ቫቱም ተጨምሮበት ይሰላልና 13,800። ዊዝሆልዲንጉ፣ ማለትም በቅድሚያ የሚያዘው የገቢ ግብር፣ ከሲአይኤፉ በ3 በመቶ 3,000። ድምሩ 54,800 ብር። 20 በመቶ ብለን የጀመርነው ከግማሽ በላይ ሆነ ማለት ነው። መቀጫው ገና ሳይነካ።

ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። ደብዳቤው ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ሒሳብ ሹሙም ተቀምጧል።

«ይህን ነገር ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ።

አፌ ደረቀ። ሒሳብ ሹሙ ፊት፣ ረጋ ብለው፣ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። የሚዋሹ አይመስለኝም፤ በእውነት ረስተውታል። ሄጄ ፋይሉን አመጣሁና ማስታወሻውን ፊታቸው ላይ አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። የኔን ጽሑፍ አላነበቡም። ዓይናቸው በቀጥታ ኅዳጉ ላይ ሄደ፣ የራሳቸው ጽሕፈት ላይ። ቆይተው «ትራንዚተሩን ጥሪልኝ» አሉ።

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት።

«እኔ ያስገባሁት በሰጣችሁኝ ኢንቮይስ ነው» አለ። «ኢንቮይሱ ከነአክሰሰሪው ይላል። እኔ ከኪሴ ያመጣሁት ነገር የለም።»

«የዋጋ ዝርዝሩን እጅህ ላይ ሰጥቼሃለሁ። ለብቻው አውጣው ብዬሃለሁ» አልኩ።

«ብለሽኛል። ኋላ ግን ሥራ አስኪያጁ በኔ ሐሳብ ይፈጸም ብለው ፈርመዋል አይደል? ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ።»

እውነቱን ነው። ያቺ ኅዳግ ላይ ያለች አንድ መስመር እኔን አዳነችኝ። እሱንም አዳነችው። ወካዩ አውቆ፣ ተነግሮት፣ ፈርሞ ያጸደቀውን ነገር ተወካዩ ላይ መልሶ መጫን ከባድ ነው። የሕግ አማካሪያችንም ፋይሉን አገላብጦ ካየ በኋላ ያለን ይኸንኑ ነው። ትራንዚተሩ ላይ ክስ አልተከፈተም፣ ፋብሪካው ከፈለ። እኔ ሁልጊዜ «በጽሑፍ አድርጉት» የምል ሰው ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ግን ጽሑፍ የማን ጋሻ እንደሚሆን ሲጻፍ አይታወቅም።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም። ያ ገንዘብ መጀመሪያውኑ አብዛኛው የመንግሥት ነበር፤ በጊዜው ብንከፍለው ኖሮ መቀጫ አይከተለውም ነበር። የሚቆጨኝ የፋብሪካው ስም ነው። ንጹሕ የነበረ አስመጪ አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ግኝት ከተመዘገበበት በኋላ በቀላሉ አያልፍም። ቀጥሎ ያስመጣነው ዕቃ ቀይ መስመር ገባ። ኮንቴይነሩ ተራግፎ ተፈተሸ። ጊዜ ሄደ፣ የመጋዘን ኪራይ ቆጠረ፣ ፋብሪካው ቤልት ሲጠብቅ አንዱ ሮለር ቆሞ ከረመ። ሐሰተኛ መግለጫ በወንጀልም ሊያስጠይቅ እንደሚችል እያወቁ በከረጢት ቀረጥ መጫወት ምን ይሉታል?

ትራንዚተሩ አልተቀየረም። ሥራ አስኪያጁ «ሥራ ያውቃል፣ ፈጣን ነው» ይላሉ። ፈጣንስ ነው። እኔም አልተከራከርኩም፤ ውሉን ግን እንደገና ጻፍኩት። አስተላላፊው ከደንበኛው በጽሑፍ ከተሰጠው የዕቃ ዝርዝር ውጪ ዲክሌር ቢያደርግ፣ በዚያ ሳቢያ የሚመጣውን መቀጫና ወለድ ለደንበኛው ይተካል የሚል አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ዋናውን ቀረጥ አላልኩም፤ እሱ የኛ ዕዳ ነው። ዲክላራሲዮኑ ከመግባቱ በፊት ረቂቁ ለግዥ ክፍል ይላክ የሚልም አለበት።

አንቀጹን ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። «ይቺን አውጪያትና እፈርማለሁ» አለኝ።

«ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ስትል አልነበር? ተጽፎ መጣልህ።»

ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄደ። እሳቸውም ደውለው «ልጄ፣ ነገር አታጥብቂ» አሉኝ። ኦሪጂናል ቢል ኦፍ ሎዲንጉና የባንክ ሰነዱ የኔ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። «ጋሼ፣ ይህ አንቀጽ ይውጣ ብለው ኅዳጉ ላይ ይምሩልኝና ሰነዱን አሁኑኑ እሰጠዋለሁ» አልኳቸው። ስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝምታ ሆነ። «እሺ፣ ይፈርም በያው» አሉ።

ፈረመ። በሳምንቱ የዲክላራሲዮኑን ረቂቅ ላከልኝ። ቤልቱን ከቤሪንጉ ጋር በአንድ ታሪፍ ጠቅልሎታል። ለይቼ መለስኩለት፤ አስተካክሎ አስገባው።