የኢንተርኔት ሕግን በአንድ ባና ሽያጭ ተማርኩት

የኢንተርኔትና የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ ማጥናት የሚፈልጉ ወጣት የሕግ ምሩቃን "ከየት ልጀምር?" እያሉ ይጠይቁኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ። ብዙዎቹ ቅር ይላቸዋል። ስለ ቴሌግራምና ስለ ቴሌብር ጠይቀው የጃንሆይ ዘመን ሕግ ሲሰጣቸው ጥያቄው ያልገባኝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ደብረ ብርሃን ሆኜ፣ ቀን ጥብቅና እየሠራሁ ማታ እያነበብኩ የተማርኩት በዚያ መንገድ ነው።

መጀመሪያ አዋጆቹን ሰበሰብኩ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲወጣ እሱንም ጨመርኩ። በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ከአዲስ አበባ በፍላሽ አስመጥቼ አሳተምኳቸው። ወረቀት መሆኑ ጠቀመኝ። ጠርዙ ላይ ጥያቄ መጻፍ ይቻላል።

በንባቤ መሀል ፍራንክ ኢስተርብሩክ የተባለ አሜሪካዊ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1996 ያነሳው ክርክር ገጠመኝ። ሰውየው "የፈረስ ሕግ" የሚባል ትምህርት የለም ይላል። ፈረስ ይሸጣል፣ ፈረስ ሰው ይረግጣል፣ ፈረስ ይታከማል። ግን ይህን የሚፈታው የውል ሕግና የጉዳት ካሳ ሕግ ነው። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው፤ መሠረቱን የሚያውቅ ሰው አዲሱን ይደርስበታል። ፈረስና በቅሎ ገበያ ባለበት አገር ላደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባል። በኋላ እንደምታዩት በሁሉም አልስማማም፤ አጀማመሩ ግን ትክክል ነው።

ስለዚህ አንድ ሽያጭ መረጥኩ። ጎረቤቴ እትዬ የመንዝ ባና፣ ያንን ከበግ ፀጉር የሚሠራ ብርድ ልብስ፣ ይሸጣሉ። ሴቶች የፈተሉትን የበግ ፀጉር ሸማኔ ሠርቶት፣ ልጃቸው ፎቶውን ከነዋጋው ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። ሐዋሳ ያለ ሰው "እወስደዋለሁ" ብሎ ይጽፋል። እትዬ "እሺ" ያስብላሉ። ገንዘቡ በቴሌብር ይገባል፣ ባናው ከመናኸሪያ ይጫናል። ይህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሕግ ተከተልኩት።

ፎቶና ዋጋ መለጠፍ "አቅርቦት" ነው? ለመሸጥ ቃል መግባት ነው ወይ ማለቴ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1687 አይደለም ይላል። የዋጋ ዝርዝር ማሰራጨት ወይም ዕቃን ለሕዝብ ማሳየት ብቻውን አቅርቦት አይሆንም። ስለዚህ አቅራቢው "እወስደዋለሁ" ያለው ገዢ ነው። እትዬ "እሺ" ሲሉ ውሉ ተፈጠረ። አንድ ባና ብቻ ኖሮ ሦስት ሰው "እወስደዋለሁ" ቢል፣ እትዬ "እሺ" እስካላሉ ድረስ ለማናቸውም ዕዳ የለባቸውም። ይህን ያወቅሁ ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቴሌግራም ከመወለዱ ስንት ዓመት በፊት የተጻፈ አንቀጽ የእትዬን ጥያቄ መለሰው!

ቀጠልኩ። አንቀጽ 1681 አቅርቦትን መቀበል በጽሑፍ፣ በቃል፣ በተለመደ ምልክት ወይም በድርጊት ሊሆን ይችላል ይላል። እንግዲህ ያቺ አውራ ጣት የምታሳየው ኢሞጂስ? በእኔ እምነት ተዋዋዮቹ ሁልጊዜ የሚግባቡባት ከሆነች ትበቃለች። አንቀጽ 1692 ደግሞ ፊት ለፊት ባልተገናኙ ሰዎች መካከል ውሉ የሚደረገው የመቀበሉ መልስ በተላከበት ቦታና ቀን እንደሆነ ይደነግጋል። "እሺ" የተላከው ከደብረ ብርሃን ነው። ቦታው ደግሞ ክርክር የሚያይ ፍርድ ቤት ሲፈለግ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ነው አዋጅ 1205/2012 የሚገባው። አንድ መረጃ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። ሐሳቡ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ለአገሮች ናሙና እንዲሆን ካወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሞዴል ሕግ ጋር አንድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቀድሜ ባላነብ ኖሮ ይህ ድንጋጌ ምን እንደሚሠራ አይገባኝም ነበር። አንድ ምሳሌ፦ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በሰው ምስክር አይረጋገጥም፤ ጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ ዕዳውን ማመን፣ ወይም መሐላ ይጠይቃል። ዛሬ በ500 ብር ምን ይገዛል? ታዲያ "10,000 ብር አበድሪኝ፣ በወሩ እመልሳለሁ" የሚል የቴሌግራም መልእክት ጽሑፍ ነው? ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ሳታስቀምጡ አታገኙትም።

ማስረጃ ላይ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። አንድ ቀን እትዬ ስልካቸውን ይዘው መጡ።

"ልጄ፣ እስቲ እዪልኝማ። ብሩን ልኬያለሁ ብሎ ፎቶ ላከ፤ እኔ ጋ የገባ ነገር የለም።"

"እትዬ፣ ባናውን ጭነውለታል?"

"አልጫንኩም።"

"እንኳንም አልጫኑ። የቴሌብር ሒሳብዎ ላይ ገንዘቡን ሳያዩ አይጫኑ።"

ስክሪን ሹቱ የተሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ማታለል የወንጀል ጉዳይም ይሆናል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ጎን ነው። ስክሪን ሹት ለአጭበርባሪ ቀላል ከሆነ፣ ለእውነተኛ ከሳሽስ ምን ያህል ይታመናል? ሞዴል ሕጉ መልእክቱ እንዴት እንደተፈጠረ፣ እንዴት እንደተቀመጠና ሳይነካ መቆየቱን መዝኑ ይላል። ስለዚህ ደንበኞቼን ቻቱን ከነስልኩ አስቀምጡ እላቸዋለሁ። ፎቶው ብቻውን ደካማ ነው።

ከዳኛ ኢስተርብሩክ ጋር የምለያየው እዚህ ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ በግል ቻት አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። የወረቀት ውል ግን ሌላው ሰው ቤት ገብቶ የእኔን ቅጂ አይቀድልኝም። ማስረጃ መኖር አለመኖሩን እዚህ የሚወስነው ሕግ አውጪ አይደለም፣ የመተግበሪያው አሠራር ነው። አሜሪካዊው የሕግ ፕሮፌሰር ሎረንስ ሌሲግ እ.ኤ.አ. በ1999 ለዚያ ዳኛ የመለሰውም ይህንኑ ነው፦ ኮዱ፣ ማለትም መተግበሪያው የተጻፈበት ፕሮግራም፣ ራሱ እንደ ሕግ ሰውን ይገዛል። ስለዚህ የሕግ ተማሪ መተግበሪያውን በእጁ ይዞ መሞከር አለበት። እኔ ከጓደኛዬ ጋር እየተጻጻፍን፣ እያጠፋን፣ ምን እንደሚቀር አየን።

የዳታ ጥበቃው አዋጅ ላይ ገና ብዙ ይቀረኛል። ለጊዜው እትዬ የደንበኞችን ስልክና አድራሻ የጻፉበት ደብተር ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ክፍት እንዳይተው አድርጌያለሁ።

አሁን የያዘኝ ጥያቄ የውጭ ገዢ ነው። ዋሽንግተን ያለ ሰው ሁለት ባና አዝዞ ክርክር ቢነሳ የየትኛው አገር ሕግ ይሠራል? እዚያ ቢፈረድስ? የውጭ ፍርድ እዚህ እንዴት እንደሚፈጸም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 456 ጀምሮ ይናገራል፤ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ያ አገር የእኛን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑ ነው። የሦስት መቶ ዶላር ባና ይዞ በዚያ መንገድ መሄድ አያዋጣም። ስለዚህ ለእትዬ ገዢው የሚስማማበት አንድ አጭር የሽያጭ ውል እየጻፍኩላቸው ነው፦ ክፍያ አስቀድሞ፣ ክርክር ቢነሳ ደብረ ብርሃን። ገዢው ከመክፈሉ በፊት አንብቦ "ተስማምቻለሁ" ብሎ እንዲጽፍ ልጃቸው ከፎቶው ሥር ይለጥፈዋል።