ካርታውን አትዝለሉባቸው

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚወስዱትን የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ኮርስ ሲሰጡኝ፣ ክፍሉ ውስጥ ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች እንዳሉ የነገረኝ የለም። ስም ዝርዝሩ ላይ አይጻፍም። ክፍል ገብቼ ነው ያወቅኩት። ይህን የምጽፈው በሚቀጥለው ሴሚስተር እንደኔ ድንገት ለሚገጥመው መምህር ነው። በተለይ ስለ ፈተናው። እሱ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው።

መጀመሪያ ተማሪዎቹን ጠይቁ። ዓይነ ስውር ሁሉ ብሬል አያነብም። አንዱ በስሌትና ስታይለስ (በብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ) ማስታወሻ ይወጋል፣ አንዷ በስልኳ ታዳምጣለች፣ ሌላው ሌክቸሩን ቀድቶ ማታ ይሰማል። ሃንድአውቱን ከክፍሉ በፊት ላኩላቸው፤ በወርድ እንጂ ስካን በተደረገ ፒዲኤፍ አይሁን። ስካን የተደረገ ገጽ ጽሑፍን በድምፅ ለሚያነበው ማሽን ፎቶ ነው፣ የሚያነበው ፊደል አያገኝበትም። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ማንበቢያ በነፃ ይወርዳል። የአማርኛ ጽሑፍ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። በድሮዎቹ የግእዝ ፎንቶች የተተየበ ፋይል ከሥሩ የላቲን ፊደል ነው። ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ቀይሩትና እዩት። የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ከወጣ፣ ተማሪያችሁም የሚሰማው እሱኑ ነው።

ሰሌዳ ላይ የምትጽፉትን እየተናገራችሁ ጻፉ። «ከዚህ ተነስቶ ወደዚህ ይሄዳል» ማለት ለማያይ ሰው ምንም ማለት አይደለም። ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው የሳምንቱን ቃላት ቀድማችሁ ስጡት፤ ብዙዎቹ የሙያ ቃላት የተለመደ ምልክት ስለሌላቸው ከተማሪው ጋር መስማማት አለባቸው። ካርታ ስታሳዩ ደግሞ ዝም በሉ። መስማት የተሳነው ተማሪ ካርታውንና የአስተርጓሚውን እጅ በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም። መጀመሪያ ይይ፣ ከዚያ ተናገሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባልደረቦቼ ባይወዱትም። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ከባድ ነገር ሲመጣ ግን ወደ አማርኛ እንገባለን። ክፍሉ ገብቶት ሲስቅ ከጅግጅጋ ወይም ከጋምቤላ የመጣው ልጅ ዝም ብሎ ይቀመጣል። «ሁሉም ይገባዋል» የሚለውን መልስ አልቀበልም። በአማርኛ የተብራራ ነገር ወዲያው በእንግሊዝኛ መደገም አለበት።

አሁን ወደ ካርታው። የዲፓርትመንቱ ምክር አጭር ነበር፤ «ካርታ ያለበትን ዝለልላቸው፣ በሌላ ጥያቄ ተካላቸው»። ምክሩ ከደግነት የመጣ ነው፤ እኔ ግን በጽኑ እቃወመዋለሁ። እነዚህ ልጆች ከታች ክፍል ጀምሮ ከሥዕሉ፣ ከግራፉ፣ ብዙዎቹም ከሒሳቡ ነፃ እየተደረጉ ነው እዚህ የደረሱት። በየደረጃው አንድ አዛኝ ሰው አንድ ነገር ቀንሶላቸዋል። ካርታ የሌለው ጂኦግራፊ ደግሞ የስም ዝርዝር ሽምደዳ ነው።

ስለዚህ ካርታ ሠራሁ። ወፍራም ካርቶን፣ ኮላ፣ ሲባጎና የሱፍ ክር ነው የሚያስፈልገው። የአገሪቱን ድንበር በሲባጎ፣ ወንዞቹን በቀጭን ክር፣ ጣናን በሸሚዝ ቁልፍ ሠራሁት። ለደጋው ካርቶን በካርቶን ላይ ደራረብኩ። ስምጥ ሸለቆውን ከአፋር እስከ ደቡብ የካርቶኑን የላይኛ ልጣጭ ገፍፌ አጎደጎድኩት። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርደውን የዳሎልን አካባቢ ደግሞ እስከ ታች ድረስ ቆፈርኩት።

አንድ ተማሪ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ዓባይን መከተል ጀመረ። ትንሽ ሄደና ቆመ። «መምህር፣ ይሄ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው እኮ የሚሄደው። ሱዳን በምዕራብ አይደል እንዴ?» አለኝ። ቀጥል አልኩት። ጣቱ ወደ ደቡብ ወረደ፣ ታጠፈ፣ ወደ ምዕራብ ዞረ፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጣ። «ጎጃምን ዞረው!» ብሎ ጮኸ። ዓባይ ከጣና ይነሳል የሚለውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። መንገዱን ግን ያሳየው ሰው አልነበረም። በዚያ ካርታ እኮራለሁ። ዓይናሞቹም ተማሪዎች ተሰልፈው ዳሰሱት።

ሚዱን፣ ማለትም የሴሚስተሩን አጋማሽ ፈተና፣ ቢሮዬ ውስጥ ራሴ እያነበብኩ ፈተንኳቸው፤ ካርታውን እየዳሰሱ መለሱ። ችግር አልነበረም። ፋይናሉ ግን ለሁሉም ሴክሽን በአንድ ቀን የሚሰጥ ስለሆነ ከእጄ ወጣ።

ጥያቄዬ ግልጽ ነበር፦ የተለየ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንባቢ፣ ለሁለቱ ሰዓት ፈተና ተጨማሪ አንድ ሰዓት፣ የሚዳሰሰው ካርታ። ዲፓርትመንቱ «ከዲኑ አጽፍ» አለኝ። ዲኑ «ልዩ ፍላጎት ድጋፍ ያረጋግጥ» አለ። የድጋፍ ቢሮው በዕለቱ ጻፈልኝ፤ እነሱን አመሰግናለሁ። ደብዳቤው ሬጅስትራር ሲደርስ ቆመ። «የሰዓት ጭማሪ በመመሪያችን የለም፤ ለሌሎቹም ፍትሐዊ አይሆንም» ተባልኩ።

ይህ ቃል ነው ያቃጠለኝ። የሚያይ ተማሪ አራቱን ምርጫ አንብቦ ዓይኑን ወደ ጥያቄው መለስ ያደርጋል፤ ቅጽበት አይፈጅበትም። የሚያዳምጥ ተማሪ ግን ጥያቄውንም ምርጫውንም እንደገና ማስነበብ አለበት። ለሁለቱም እኩል ሰዓት መስጠት አንዱን አስሮ ማሯሯጥ ነው። ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም። የቀድሞው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 እንኳ የፈተና ሰዓት ማራዘምን በስም ጠቅሶት ነበር። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርትንም ይጨምራል። ይህን አትሜ ወሰድኩ። ኃላፊው ወረቀቱን ሳያነብ መለሰልኝ። «መምህር፣ አዋጅ ሌላ፣ መመሪያ ሌላ» አለኝ።

የፈተናው ቀን እኔን ሌላ አዳራሽ ፈታኝ አድርገው መደቡኝ። የሆነውን ከተማሪዎቹ ነው የሰማሁት። ለሦስት ተማሪ አንድ አንባቢ ተሰጠ። ከቢሮ የመጣ ሠራተኛ ነው፤ የትምህርቱን ቃላት ማንበብ ይቸግረዋል። ድገምልን ሲሉት ይቆጣል። መልሱን የሚነግሩት በአፍ ስለሆነ አንዱ የሌላውን ይሰማል። የጨረሰው ያልጨረሰውን ይጠብቃል። ካርታዬን በር ላይ «ያልተፈቀደ ዕቃ» ብለው አስቀሩት። ሁለቱ ሰዓት ሲያልቅ ወረቀቱ ተሰበሰበ። ወረቀታቸውን ሳርም የሁሉም የመጨረሻ ገጽ ባዶ ነው። እዚያ ገጽ ላይ የነበሩት የዓባይ ተፋሰስ ጥያቄዎች ናቸው።

ድጋሚ ፈተና ስጠይቅ «የሕክምና ማስረጃ አላቸው?» አሉኝ። አልታመሙም! ስጨቃጨቅ ከርሜ ያን አንድ ገጽ ብቻ እንድፈትናቸው ተፈቀደ። ያኔ ግን በመጀመሪያ ዓመት ውጤት የሚደረገው የዲፓርትመንት ምደባ አልፏል። ዓባይን በጣቱ የዞረው ልጅ ሕግ መማር ነበር የሚፈልገው። በትንሽ ነጥብ አመለጠው። ግሬዱ በኋላ ተስተካከለ፣ ምደባው አልተስተካከለም። ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም።

«ጥያቄ ካለ ፈተናው ሲደርስ አቅርቡ» ይሏችኋል። አትስሟቸው። በመጀመሪያው ሳምንት አስገቡ፣ ገቢ የሆነበትን ማኅተም ያለበት ኮፒ ያዙ። የሰዓቱን ጭማሪ በደቂቃ ጻፉ፤ «አስፈላጊው ድጋፍ ይደረግላቸው» የሚል ደብዳቤ ማንንም አያስገድድም። አንባቢው ትምህርቱን የሚያውቅ ይሁን፤ የዚያው ዲፓርትመንት ሲኒየር ተማሪ ከማንም የቢሮ ሠራተኛ ይሻላል። ከፈተናው በፊት ከተማሪው ጋር ተቀምጦ አንድ አሮጌ ፈተና ያንብብ። በኮምፒውተር መሥራት የሚችል ተማሪ ካለ ደግሞ አንባቢውን ተዉትና በኤንቪዲኤ ራሱ አንብቦ ራሱ ይጻፍ።

ካርታውን በተመለከተ መላ አግኝቻለሁ። በር ላይ የሚመለሰው ተማሪው ይዞት ሲገባ ነው። እኔ አሁን የፈተናው ወረቀት ላይ «አባሪ 1ን ተመልከት ወይም ዳስስ» ብዬ እጽፋለሁ። አባሪ የፈተናው አካል ነው፤ ከጥያቄው ጋር በፖስታ ታሽጎ ይገባል፣ ማንም አያስቀረውም። ካርቶኑን በኤ ፎር ልክ ቁረጡት። ኮላው በደንብ ሳይደርቅም አታሽጉት፤ ክሩ ፖስታው ላይ ተጣብቆ ይቀራል።