ርካሽ ቤንዚን ፍለጋ

ሲድኒ ያለው የአክስቴ ልጅ ቤንዚን የሚቀዳው ስልኩን አይቶ ነው። እዚያ ፊውልቼክ የሚባል አፕ የየማደያውን ዋጋ ያሳያል። የሚፈልገው ኢ10ን ነው፤ እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት፣ ከተራው ቤንዚን በጥቂት ሳንቲም የሚረክስ።

ሒሳቡን ግን እዩት። ኢታኖል በሊትር ከቤንዚን አንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ጉልበት ነው ያለው። ስለዚህ ኢ10 3 በመቶ ያህል ቶሎ ያልቃል። ቅናሹ ከዚያ ካልበለጠ ምኑ ረከሰ?

እኛም አገር እኮ ነበረ። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ መቀላቀል ተጀምሮ በ2003 ወደ 10 ከፍ ብሏል። ኢታኖሉ ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚወጣ ነው።

«አንተስ የት ይረክስልሃል?» አለኝ ዛሬ የአክስቴ ልጅ። አቦ፣ ምን ልበለው! ዋጋው በመንግሥት የተተመነ ነው፤ እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ቀዳህ ሳቢያን ሰፈር ያው ነው። ድሬ ላይ የሚፈለገው ቤንዚን ያለበትና ሰልፉ ያጠረ ማደያ ነው።

ጠዋት ከባጃጆች ኋላ ተሰለፍኩ። ከፊቴ ያለው ልጅ ሞተሩን አጥፍቶ ባጃጁን በእጁ እየገፋ ይጠጋል፤ ጠብታ እንዳትባክን። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ግን አልነካም። ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል?

ሳቢያን ያለው ማደያ ስወጣ ገና እየቀዳ ነበር። የቸኮላችሁ ድረሱ፤ ቴሌብራችሁን ሙሉና ሂዱ።